በቀኝ መስመር ብቻ ለሚያስኬዱን አሰልጣኝ

ለተከበሩ የክለባችን ዋና አሰልጣኝ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ማጥቃት ስልትዎ ሳይለዋወጥ፣ ክረምት ከበጋ ባለበት ጸንቶ እንዲቆይልን ከልብ እመኛለሁ። ድምፅዎም፣ ጉልበትዎም፣ በጨዋታ ቀን ከአንገትዎ የማትጠፋው ያቺ ሰማያዊ ሻርፕም እንደዚሁ ሰላም ይሁኑልኝ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴ ድፍረት መስሎ እንዳይታይብኝ አደራ እላለሁ፤ አስቀድሜ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር፤ ጸሐፊዎ ግን እርስዎ አዲስ የማጥቃት ዕቅድ በማዘጋጀት ላይ ስለሆኑ ማንንም እንደማያነጋግሩ በትሕትና ነገረችኝ። እንዲህ ያለውን ታሪካዊ ሥራ ያቋረጠ ሰው ተብዬ መወቀስ ስላልፈለግሁ፣ በእግር ጣቶቼ ጫፍ እየተራመድኩ ወጣሁ።

እኔን ባያውቁኝ አይፈረድብዎትም። ከስታዲየሙ በታች ባለው መንገድ ላይ አንድ ወንበርና አንድ መስታወት ያላት ፀጉር ቤት አለችኝ። የምችለው አቆራረጥም አንድ ነው፤ ጎንና ጎኑን ጠጋ፣ ከላይ ትንሽ ተረፍ። ደንበኛው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሚፈልገውን ፎቶ ከስልኩ አውጥቶ ሲያሳየኝ በጥሞና እመለከታለሁ፣ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ ከዚያም ያንኑ እቆርጥለታለሁ። ባለቤቴ ገበያ ስትወጣ ከፊቷ ከሚሄዱት ወንዶች የትኞቹ የእኔ ደንበኞች እንደሆኑ ከማጅራታቸው ትለያለች። እርስዎንና እኔን አንዲት እናት ሳትወልደን እንዳልቀረች የምትናገረውም እሷ ናት። ስለዚህ ያንኑ ነገር ደጋግሞ ስለ መሥራት አስተያየት ለመስጠት ከእኔ የበለጠ ብቁ ባለሙያ ያገኛሉ ብዬ አላስብም፤ በዚሁ ሥልጣኔ ቅሬታዎቼን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ በረኛችን ኳሷን ይይዛል። ለቀኝ ተከላካዩ ያቀብላል። ቀኝ ተከላካዩ ቀና ብሎ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ይቃኛል፤ ይህ ቅኝት እኔ የደንበኛዬን ፎቶ እንደማየው ዓይነት ነው፣ ለጨዋነት ያህል የሚደረግ። ከዚያም በቀኝ መስመር ለክንፍ ተጫዋቹ ይልክለታል። ክንፉ እስከ ማዕዘኑ ባንዲራ ይሮጥና ያሻማል። ደጋፊው አንቴና የሚለው ረጅሙ አጥቂያችን ይዘላል፣ በጭንቅላቱ ይገጫል፣ ኳሷም ከአግዳሚው በላይ አልፋ፣ ግንቡን ተሻግራ፣ ከስታዲየሙ ጀርባ ካለው የጎሚስታ ግቢ ታርፋለች። ጎሚስታው ድሮ ኳስ ሲመጣበት ደንግጦ ይነሳ ነበር። አሁን ግን ቀና እንኳ ሳይል በአንድ እጁ ጎማውን እንደያዘ በሌላው ተቀብሎ ይወረውራታል፤ በቡድናችን ውስጥ እንደ እሱ ቦታውን ጠብቆ የሚጫወት የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሁለተኛ፦ እባክዎ አንደኛውን እንደገና ያንብቡልኝ። ከእረፍት በኋላ የሚሆነው እሱ ነው።

ሦስተኛ፦ በግራ ክንፍ ስለሚያሰልፉት ተጫዋች ነው። ደጋፊው እንግዳው ይለዋል፤ እንደ እንግዳ አንድ ጥግ ይዞ ይቆማላ፤ ሁሉም በአክብሮት ያልፈዋል፣ ማንም ሥራ አያዝዘውም። ዝናብ በጣለበት ቀን ሌሎቹ ጭቃ ለብሰው ሲወጡ እሱ ለፎቶ እንደተዘጋጀ ሰው ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። የክለቡን ማሊያ የምታጥበው ሴት የእሱን ሳታጥብ አጣጥፋ ብቻ እንደምትመልሰው ሲወራ ሰምቻለሁ፤ ወሬውን የጀመርኩት እኔ ራሴ ስለሆንኩ ግን እንደ ማስረጃ አላቀርበውም።

በዚህ አጋጣሚ ምስጋናም አለኝ። ጎረቤቴ የልብ ሕመምተኛ ነው፤ ሐኪሙ ከድንጋጤ ሁሉ እንዲርቅ ሲያስጠነቅቀው ከኳስ ተለያየሁ ብሎ ክፉኛ ተክዞ ነበር። ሐኪሙ ግን የየትኛው ቡድን ደጋፊ እንደሆነ ጠይቆ ሲረዳ፣ ምንም ችግር የለውም፣ ይመልከት ብሎ ፈቀደለት። ለዚህ ሰው ጤና መጠበቅ ላደረጉት አስተዋፅኦ ቤተሰቡ በሙሉ ያመሰግንዎታል።

አራተኛ፦ ከላይ ያሉት ሦስቱ ለወጉ ያህል የተጻፉ ናቸው። እውነተኛው ጉዳዬ ይህ ነው፤ የአባቴ ጉዳይ።

አባቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የነዱት አንድ መስመር ነው፤ ከባቡር ጣቢያው ተነስቶ፣ በሆስፒታሉና በገበያው በኩል አድርጎ፣ እስከ መጨረሻው ፌርማታ። ዓይናቸው ቀስ በቀስ ደክሞ በመጨረሻ ጨርሶ ሲጨልም ከቤት መውጣት እርም አሉ። ስንቱን ሰው ያደረሱ ሰው ራሳቸው በእጅ መመራት ሞት ሆነባቸው። የሚወጡት ለእርስዎ ቡድን ብቻ ነበር። በጨዋታ ቀን ጠዋት ማንም ደንበኛ ሳይመጣ ወንበሬ ላይ ይቀመጣሉ፤ ጢማቸውን እላጫቸዋለሁ፤ ሸሚዛቸውን እስከ ላይኛው ቁልፍ ይቆልፋሉ፤ ከዚያ ክንዴን ይዘው ወደ ስታዲየም እንወጣለን። መንገድ ላይ ለሚያየን ሰው እሳቸው እኔን የሚመሩኝ እንዲመስል አድርገን ነው የምንሄደው፤ ይህን ለማስመሰል ብዙ መልፋት አላስፈለገኝም።

ስታዲየም ውስጥ የእኔ ሥራ የሚታየውን መንገር ነበር። በዚህ ሥራ ስላሳየሁት ችሎታ ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር። ኳሷ ወደ ጎል ስትጠጋ ቃላት ይጠፉብኛል፤ “ኧረ፣ ኧረ” እላለሁ። አባቴ “ኧረ ምን?” ይሉኛል። እስክመልስላቸው ድረስ ሌላ ኧረ ይመጣል። አንድ ጊዜማ ተጋጣሚያችን ያገባውን ጎል የእኛ ነው ብዬ አስጨፍሬያቸው፣ በዙሪያችን ያለው ደጋፊ ሁሉ ከሐዘኑ ቀና ብሎ እኚህ ሰውዬ ምን ነካቸው እያለ ሲያያቸው ነበር። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ፣ ከእኔ ይልቅ መቀሱን ይዘው ቢሄዱ ይሻላቸው እንደነበር ተናገረች።

እንዲህ ስንል ቆይተን አባቴ ቀስ በቀስ መጠየቁን ተዉት። ለካስ አላስፈልጋቸውም። በረኛችን ኳስ ሲይዝ ከሕዝቡ ድምፅ ይለያሉ፤ የቀረውን እርስዎ አስተምረዋቸዋል። “ቀኝ ተከላካይ” ይላሉ፤ ኳሷ እዚያ ትደርሳለች። “ክንፍ” ይላሉ፤ ትደርሳለች። “አንቴና” ይላሉ፤ አንቴና ይዘላል። በመጨረሻም ኳሷ ግንቡን ስትሻገር፣ ድሮ ቲኬት ቆራጫቸው ከኋላ በር ሆኖ ይጮህ እንደነበረው ሳብ አድርገው “ወራጅ አለ” ይላሉ። የሚታየውን ልነግራቸው አጠገባቸው የተቀመጥኩት ሰው ጨዋታውን ከእሳቸው መስማት ጀመርኩ፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ተመቸኝ፣ ስልኬን የማይበት ጊዜ አገኘሁ።

ከፊታችን የሚቀመጠው የመድኃኒት ቤት ባለቤት መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ አብሮ መጥራት ጀመረ። ከእሱ ጎን ያሉት ቀጠሉ። ጥቂት ጨዋታዎች እንዳለፉ የእኛ ጥግ በሙሉ፣ አባቴን መሪ አድርጎ፣ ፌርማታዎቹን በአንድ ድምፅ የሚጠራ ሆነ። “ወራጅ አለ” ላይ ሲደርስ ስታዲየሙ ይነቀነቃል። አባቴ ሹፌሩ የሚል ስማቸው ተመለሰላቸው፤ ሰዎች ሲገቡ ቀድመው ሰላምታ የሚሰጡት ለእሳቸው ነው። ክቡር አሰልጣኝ፣ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ አባቴ ቀና ብለው ሲቀመጡ ያየሁት ያኔ ነው። ለዚህ ያለ ምንም ፌዝ አመሰግንዎታለሁ፤ ስልትዎ ትንሽ እንኳ ቢለያይ ኖሮ አይሆንም ነበር።

ያጠፋነውም እዚህ ላይ ነው። የተጋጣሚም ተጫዋች ጆሮ እንዳለው ማናችንም አላሰብንም። ከጥቂት ወራት በፊት ያስተናገድነው ቡድን ግራ ተከላካይ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ መዳፉን ከጆሮው ጀርባ አድርጎ ይቆም ነበር፤ እኛም ያደነቀን መስሎን ድምፃችንን ጨመርን። “ክንፍ” ስንል ቀድሞ እዚያ ተገኝቶ ኳሷን ነጥቆ ይሄዳል። እኛ ደግሞ በመገረም የበለጠ እንጮሃለን። ተሸንፈን ስንወጣ ሰውየው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ አመሰገነን። ያን ጊዜ ነው የገባን፤ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤትማ አሁንም አልገባውም፣ የጨዋ ልጅ ነው እያለ ያወድሰዋል።

በቀጣዩ ጨዋታ በድምፅ ማጉያው “የተከበራችሁ ደጋፊዎች የቡድናችሁን ሚስጥር ከማውጣት ትቆጠቡ ዘንድ እንጠይቃለን” ተባለ። ሳቅን። ከዚያ በሚቀጥለው ጨዋታ አባቴ ተላጭተው፣ ቆልፈው፣ ክንዴን ይዘው በሩ ላይ ስንደርስ ጠባቂው እጁን ዘረጋ። ጠባቂው ደንበኛዬ ነው፤ ኮፍያውን ሲያወልቅ ሥራዬን አይቼ አወቅሁት። “አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የአሰልጣኙ ትእዛዝ ነው። እርስዎና ረዳትዎ እንዳትገቡ ተብሏል” አለ፣ መሬት መሬት እያየ። ረዳት መባሌን ለጊዜው ወደድኩት። አባቴ ምን እንዳጠፉ ጠየቁ። የቡድኑን ሚስጥር እንዳወጡ ተነገራቸው። አባቴ ቁጣ በሌለበት፣ ለማወቅ ብቻ በሚጠይቅ ሰው ድምፅ፣ “ሚስጥር ነበር እንዴ?” አሉ። ጠባቂው ኮፍያውን መልሶ አደረገ።

እንግዲህ የእኛ ክለብ ዓይነ ስውርን አየህ ብሎ ያባረረ የመጀመሪያው ክለብ ሳይሆን አይቀርም፤ ለዚህ ክብር እንኳን አበቃዎት። እኔ ግን ስለ ክብሩ አይደለም የምጽፈው። ከዚያ ቀን በኋላም አባቴ በጨዋታ ቀን ጠዋት ወንበሬ ላይ መቀመጣቸውን አልተዉም። እላጫቸዋለሁ። ይቆልፋሉ። ይነሱና ክንዴን ለመያዝ እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ ከዚያ ትዝ ይላቸዋል። እጃቸውን ወደ ኪሳቸው መልሰው፣ አንድ ነገር ፍለጋ እንደከተቱት ሁሉ ኪሳቸውን ይዳብሳሉ። ይህን ባየሁ ቁጥር ደንበኛ ፊት ላለማልቀስ መስታወቱን እወለውላለሁ። በመንገዳችን ላይ እንደ እኔ የጠራ መስታወት ያለው ፀጉር ቤት የለም።

ባለፈው ቅዳሜ አልቻልኩም። የእኛ ጨዋታ በሬዲዮ የሚተላለፍ አይደለምና፣ አባቴን ይዤ ከግንቡ ጀርባ ወደ ጎሚስታው ግቢ ሄድኩ። ጎሚስታው አንድ አሮጌ ጎማ አስተካክሎ አስቀመጣቸው። እሳቸውም ጆሯቸውን ወደ ግንቡ አዘንብለው ጀመሩ። “በረኛ። ቀኝ ተከላካይ። ክንፍ። አንቴና።” ኳሷ መጣች። ጎሚስታው ተቀበለ። አባቴ “ወራጅ አለ” አሉ፤ ድምፃቸው ከግቢው አልወጣም። የመጀመሪያው ግማሽ እንዲህ አለፈ፤ በእውነት ከውስጥ ሆኜ ከማየው የቀረብኝ ነገር አልነበረም።

ከእረፍት በኋላ አባቴ “በረኛ” አሉ። “ቀኝ ተከላካይ” አሉ። “ክን…” ብለው ቆሙ። ከግንቡ ወዲያ ሕዝቡ ከዚህ በፊት አሰምቶ የማያውቀውን ድምፅ አሰማ። አባቴ አንገታቸውን ወዲያና ወዲህ አሉ። “የት ነው የታጠፈው?” አሉኝ። “ልጄ፣ ወዴት ነው የሄደው?” አሉኝ። ወዲያው ስታዲየሙ በእልልታና በጩኸት ተናወጠ፤ አባቴ ከጎማው ላይ ብድግ ብለው ክንዴን ጨመቁት። “ንገረኝ እንጂ! ምን ሆነ?”

ክቡር አሰልጣኝ፣ እኚህ ሰው እንዲጠይቁኝ ስንት ጨዋታ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ሳያስፈልጋቸው ስነግራቸው ኖሬ፣ ባስፈለግኋቸው ቀን ከፊቴ የነበረው ግንብ ነው። የተላጠ ቀለም ያለው፣ ግማሹ የተቀደደ የሳሙና ማስታወቂያ የተለጠፈበት ግንብ። “ግንብ ነው አባዬ” አልኳቸው፤ “የሚታየኝ ግንብ ነው።” በሙያ ዘመኔ ሳልሳሳት ያስተላለፍኩት ዘገባ ይህ ብቻ ነው።

አባቴ ግን መሳቅ ጀመሩ። “ተሳሳትኩ” አሉ። ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር ድረስ እየሳቁ፣ ስጦታ እንደተሰጠው ሰው፣ ጎሚስታውንም እኔንም እየነኩ፣ “ሰማችሁ? ተሳሳትኩ እኮ” አሉ። ሰው ከስታዲየሙ ሲወጣ መንገድ ላይ ቆመው ያገኙትን ሁሉ ጎሉ እንዴት እንደገባ ጠየቁ። ሁሉም ለየራሱ ነገራቸው፤ አንዱ በቀኝ እግር፣ አንዱ በጭንቅላት፣ አንዱ በግራ። ያገባው እንግዳው መሆኑን ጠባቂው ሲነግራቸው አላመኑም፤ እንግዳው የሚባለው ልጅ አሁንም በሕይወት መኖሩን ነው መጀመሪያ የጠየቁት። እቤት ከገባንም በኋላ፣ እራት ላይም፣ እኔ አይቼ ብሆን እንዴት አድርጌ እነግራቸው እንደነበር ይጠይቁኛል። “ኧረ” ብዬ ነበር የምነግራቸው፤ ግን ያን ኧረ እንኳ ላቀርብላቸው አልታደልኩም።

የጎሉን አመጣጥ በተመለከተ፣ ቀኝ ተከላካያችን ለክንፉ ሊልክ ሲል ተንሸራትቶ ኳሷ ከጫማው ጎን ወጥታ ወደ ግራ እንደሄደች፣ እንግዳው የሚያደርገው ቢጠፋው ወደ ጎል እንደመታት፣ እርስዎም ሻርፕዎን መሬት ላይ ወርውረው ሁለቱንም እንደተቆጡ ሰምቻለሁ። ሥርዓት ማስከበርዎ የሚያስመሰግን ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬን አሳጥሬ አቀርባለሁ። አባቴና እኔ ወደ ቦታችን እንድንመለስ ይፍቀዱልን። ሚስጥሩ እንዳይወጣ የሚሰጉ ከሆነ መድኃኒቱ በእጅዎ ነው፤ አልፎ አልፎ፣ ቢቻል ሳይንሸራተቱ፣ ወደ ግራ ያዙሩት። ያን ጊዜ አባቴ የሚያወጡት ሚስጥር አይኖርም፤ “የት ነው የታጠፈው?” ብለው ወደ እኔ ይዞራሉ፤ እኔም እነግራቸዋለሁ። ይህ ይሁን እንጂ እርስዎ ብቻዎን እንዲለፉ አልፈልግም። አንድ አዲስ ማጥቃት ባሳዩን ሳምንት፣ እኔም በበኩሌ ሁለተኛ የፀጉር አቆራረጥ ለመማር በዚህ ጋዜጣ ፊት ቃል እገባለሁ። ባለቤቴ ይህን ቃሌን አንብባ ሁለታችንም እንደማናደርገው ነግራኛለች፤ አብረን እናሳፍራት።

ለዘወትር ትዕግሥትዎ፣ ለማይናወጠው እምነትዎና ለቀኝ መስመራችን ያለ ስስት ለሰጡት ዕድሜ ምስጋናዬን እየደጋገምኩ፣

በታላቅ አክብሮት፣
የአንድ ዓይነት ፀጉር ቆራጭ፣ የሹፌሩ ረዳት፣ የግንቡ ተመልካች

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ለጋዜጣው ከመስጠቴ በፊት ለአባቴ አነበብኩላቸው። ስለ ጎሚስታው ከሚናገረው ላይ ስደርስ አስቆሙኝና የቀረውን እሳቸው ነገሩኝ፤ አሁን ታመሰግነዋለህ፣ ቀጥሎ ስለ እኔ ታወራና ታስለቅሳለህ፣ ከዚያ ትለምነዋለህ፣ መጨረሻ ላይ ማስታወሻ ብለህ ትነካካዋለህ አሉኝ። አንዱንም አልሳቱም፤ ባለቤቴ የተናገረችው የእናት ጉዳይ ሊጣራ የሚገባው ሳይሆን አይቀርም። የእርስዎንም መልስ ነግረውኛል። ምንም መልስ አይመጣም፤ የሚመጣው ቅዳሜም ከበሩ ይመልሱናል፤ ከግንቡ ጀርባ እንቀመጣለን፤ በረኛ፣ ቀኝ ተከላካይ፣ ክንፍ፣ አንቴና፣ ወራጅ አለ። ክቡር አሰልጣኝ፣ አባቴ ሲሳሳቱ ምን ያህል ደስ እንደሚላቸው አይቻለሁና፣ እባክዎ ያሳስቱልኝ።